የማዕድ ቤታችን ግድግዳና እሳት

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ይጻፋል። እኔ ዘንድሮ አሳቤን የምገልጸው ከምድጃ ጀርባ ስላለው ግድግዳ ነው። ነገሩ ለመጽሔት አይመጥንም የሚል ቢኖር፣ እንጀራ በተጋገረበት ቀን እጁን ከምድጃው ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳርፎ ይፍረድ።

እንደሚታወቀው ብዙዎቹ ማዕድ ቤቶቻችን በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርተው፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የተመረጉ ናቸው። ጭቃው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ እንጨቱን ከእሳት ይከልለዋል። ነገር ግን በምድጃው በኩል ያለው ምርጊት እየሞቀና እየቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ኋላም ተፈርፍሮ ይወድቅና ማገሩ ይገለጣል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቆርቆሮ አምጥቶ በቦታው ላይ መቸንከር ነው።

አባቴም ያደረጉት ይኸንኑ ነው፤ ሚስማሩን ያቀበልሁም እኔ ነበርሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግድግዳውን ልናድስ ቆርቆሮውን ስንነቅለው፣ ከኋላው ያለው ማገር እንደ ከሰል ጠቁሮ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። ነበልባል አንድ ቀን እንኳ አልነካውም። እናቴ አማተበች፤ ታናሽ እኅቴ የምትተኛው ከዚያ ግድግዳ ማዶ ነውና።

ምክንያቱ ይኸ ነው። ቆርቆሮ ነበልባልን ያግዳል እንጂ ሙቀትን አያግድም፤ እንዲያውም ተቀብሎ ለሚነካው እንጨት ያቀብለዋል። ደረቅ እንጨት እንደ ተለመደው እሳት ለመያዝ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ነገር ግን ከ100 ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ ሙቀት ለዓመታት ሲጠበስ የኖረ እንጨት ቀስ በቀስ ወደ ከሰልነት ስለሚለወጥ፣ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ «ይኸን ያህል ዓመት ሲጋገርበት ምን ሆነ?» የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ዕድሜ፣ እርሱ ራሱ አደጋው ነው። እኛ ተማሪዎችም ብንሆን የሙቀትን መተላለፍ በፊዚክስ ተምረን ፈተናውን አልፈናል፤ ወደ ማዕድ ቤት ይዞት የገባ ግን አላየሁም።

እንጨቱን የሚያድነው በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል የሚያልፈው አየር ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ከላይም ከታችም ክፍት ሆኖ ቢቆም፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች እየተተካ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በአሜሪካ የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር 211ኛ ደንብ፣ ተፈትኖ ማረጋገጫ ያላገኘ የእንጨት ምድጃ ከሚቃጠል ግድግዳ 91 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ያዛል፤ እንዲህ ያለ መከለያ ካለ ግን 30 ይበቃል። ያ ደንብ ለብረት ምድጃ የወጣ ነው፤ የእኛ ጉልቻ ነበልባሉ የተገለጠ ስለ ሆነ የበለጠ ቢርቅ ይሻላል።

«የቆርቆሮው ሸንተረር ራሱ ክፍተት አይደለም ወይ?» ሲሉ አባቴ ጠይቀውኛል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ሸንተረር ጀርባ እንጨቱን ይነካል፤ ከላይና ከታች ያለውንም ቀዳዳ አይጥ እንዳይገባ ብለን እኛው በጭቃ ደፍነነው ነበር።

አሁን ግድግዳውን እንደገና መርገን፣ ቆርቆሮውን በድንጋይ ላይ አቁመን፣ በአጫጭር የብረት ቧንቧ ቁራጮች ከግድግዳው አራርቀን በረጃጅም ሚስማር አስረነዋል። ብረት ሙቀት ያሻግራልና ቁራጮቹን ከምድጃው ትክክል ጀርባ አላደረግናቸውም። ምድጃውንም ወደ መካከል ሳብነው። እናቴ ቦታው ጠበበኝ እያለች እስካሁን ታጉረመርማለች፤ አባቴ ግን እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ጣታቸውን ከቆርቆሮው ኋላ አሾልከው ግድግዳውን ይዳብሳሉ።