የማንጎ ጭማቂ ከማን ማሳ ይመጣል?

የፍራፍሬ ችግኝ የክረምት ተከላ አካል ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከደን ዛፎች ጎን ለጎን የማንጎ፣ የአቮካዶና የፓፓያ ችግኞች በአርሶ አደሩ ጓሮና ማሳ ሲተከሉ ቆይተዋል። በግራፍቲንግ የተባዛ ማንጎ ተገቢውን እንክብካቤ ካገኘ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ፍሬ መስጠት ይጀምራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ከተተከሉት መካከል የጸደቁት ዛሬ ለፍሬ ደርሰዋል። ስንት ችግኝ እንደተተከለ በየዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል፤ ፍሬው የት እንደሚሄድ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ማንጎ ጊዜ አይሰጥም። በአንድ አካባቢ ያሉ ዛፎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ የመጓጓዣ ወጪውን የማይሸፍነው ፍሬ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። በዚያው ሰሞን በከተማ ሱቆች የማንጎ ሥዕል ያለበት የታሸገ ጭማቂ ይሸጣል። ከእነዚህ መካከል ኮንሰንትሬት በሚባል፣ ውኃው ተንኖ በወፈረና በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ጭማቂ የሚዘጋጁ አሉ። ለዚህ ተቃርኖ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት "ፋብሪካ የለንም" የሚል ነው። ምክንያቱ ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ማንጎን የሚገዛው የቤት እመቤት በምትገዛበት ዓይን አይደለም።

የቤት እመቤቷ መልኩን አይታ፣ አሽትታና ዳብሳ ትመርጣለች። ፋብሪካው የሚለካው በፍሬው ውስጥ የሟሟውን ስኳር መጠን ነው፤ መለኪያውም ብሪክስ ይባላል። ከዚህ ሌላ የአሲድ መጠኑን፣ ቀለሙንና የቃጫውን ብዛት ይመረምራል። ከሁሉም በላይ የዛሬው ጭነት ከትናንቱ እንዳይለይ ይፈልጋል። ማንጎ ያለጊዜው ሲለቀም ስታርቹ ወደ ስኳር አልተለወጠም፤ አሲዱም ከፍተኛ ነው። በዱላ ተመትቶ የወረደ ፍሬ ደግሞ በቁስሉ በኩል እርሾና ሻጋታ ስለሚገባበት ፋብሪካ ሳይደርስ መፍላት ይጀምራል። በብዙ ጓሮዎች የሚገኘው ከዘር የበቀለ ነባር ማንጎ መዓዛው የሚወደድ ቢሆንም ቃጫው ብዙ፣ ፍሬውም እንደየዛፉ የተለያየ ነው። በዓለም ገበያ ለማንጎ ጭማቂ ጥሬ ዕቃ ስሟ የገነነው ህንድ እንደ ቶታፑሪና አልፎንሶ ያሉ የታወቁ ዝርያዎችን በስፋት በማምረት ፋብሪካዎቿን ትመግባለች።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈውን ቃል መረዳትም ለገበሬው ሂሳብ ይጠቅማል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ደረጃ "ጭማቂ" እና "ኔክታር" የተለያዩ ናቸው። ኔክታር ውኃና ስኳር የሚጨመርበት ሲሆን የማንጎ ኔክታር ቢያንስ 25 በመቶ የፍሬ ይዘት ሊኖረው ይገባል። በግርድፉ እናስላው። ልጣጩና ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ከተወገዱ በኋላ 1 ኩንታል ማንጎ 50 ኪሎ ግራም ያህል ድልህ ቢሰጥ፣ ከዚያ 200 ሊትር ኔክታር ይወጣል። ጣዕሙ ለገበያ እንዲስማማ ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ስኳር መጨመር ያስፈልጋል። ኔክታር የሚያመርት ፋብሪካ እንግዲህ የፍራፍሬ ብቻ ሳይሆን የውኃና የስኳር ፋብሪካም ነው። ስኳር በጠፋ ወይም በተወደደ ቁጥር የማንጎ ገዢውም አብሮ ይንገዳገዳል፤ ይህ ጉዳይ በፍራፍሬ ልማት ውይይቶች ላይ ሲነሳ ብዙም አይሰማም።

አቮካዶ ሌላ ታሪክ አለው። በጁስ ቤቶቻችን ስፕሪስን ያለ እርሱ ማሰብ ያስቸግራል፤ የታሸገ ጭማቂ በሚመረትበት ፋብሪካ ግን ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ማንጎ በተፈጥሮው አሲድ ያለው በመሆኑ፣ ሲያስፈልግም ሲትሪክ አሲድ ተጨምሮበት፣ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለአጭር ጊዜ ቢሞቅ ጀርሞቹ ይሞታሉ፤ ጣዕሙም በአብዛኛው ይጠበቃል። አቮካዶ ግን ቅባታም ነው፤ አሲዱ አነስተኛ ነው፤ አየር ሲያገኘው በውስጡ ባሉ ኢንዛይሞች ምክንያት ይጠቁራል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይመራል። ስለዚህ የአቮካዶ አምራቹ ተስፋ በትኩስ ፍሬ ገበያና በዘይት ላይ ነው። የጭማቂ ፋብሪካ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ሊነገረው ይገባል።

ለማንጎ የጎደለው የትኛው ነው? በእኔ እይታ ጭማቂውን በካርቶን የሚያሽገው የመጨረሻው ፋብሪካ አይደለም። የጎደለው በማሳውና በፋብሪካው መካከል ያለው ደረጃ፣ ማለትም ፍሬውን አጥቦ፣ ልጦ፣ ዘሩን ለይቶ፣ ድልሁን አሙቆና አቀዝቅዞ ከጀርም ነፃ በሆነ ከረጢት የሚያሽግ አነስተኛ ተቋም ነው። እንዲህ የታሸገ ድልህ ያለማቀዝቀዣ ለ1 ዓመት ያህል ሊቀመጥ ይችላል። በጥቂት ሳምንታት የሚያልቀው ምርት 12 ወር የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዙሪያው የገጠር ሽግግር ማዕከላት እንዲኖሩት ተደርጎ የተነደፈ ነው። ይህ ሥራ ከእነዚህ ማዕከላት የተሻለ ቦታ አይኖረውም። ብርቱካንና ቲማቲም ሲያቀነባብር የኖረው የመርቲው የላይኛው አዋሽ አግሮ ኢንዱስትሪም ፋብሪካውንና እርሻውን በአንድ ሸለቆ ይዞ ነበር ስሙን የተከለው።

የድልህ ተቋም ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ መታየቱ የተመዘገበውና ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ነጭ የማንጎ ተባይ የፍሬውን ልጣጭ ስለሚያበላሽ ትኩስ ገበያ ይዘጋል። ልጣጩ ተገፎ ለሚጣልበት ድልህ ግን መልኩ ብዙም አይጎዳም፤ ተባዩ በርትቶበት ፍሬው ካልጫጨና ካልደረቀ በስተቀር። ነገር ግን ተባዩን ለመግደል ኬሚካል ረጭቶ በማግሥቱ መልቀም ፋብሪካውንም ጠጪውንም ይጎዳል። በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሊከበር ይገባል። ኮንሰንትሬት ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካ አብሮ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ይቀበላል፤ ከእኛ ማኅበራት ሲገዛም ይህንኑ መጠየቁ አይቀርም።

ባለሀብቱ የሚያነሳው ሥጋትም ተገቢ ነው። ማንጎ ካለቀ በኋላ ማሽኑ ምን ይሠራል? ወንፊቱ ከተቀየረና ማትነኛ ከተጨመረ በዚያው መስመር ቲማቲም ማቀነባበር ይቻላል። ቲማቲም ደግሞ በፎገራና በቆጋ መስኖ በበጋ የሚመረት፣ እንደ ማንጎው ሁሉ በአንድ ሰሞን ደርሶ ዋጋው የሚወድቅ ምርት ነው። በበጋ ቲማቲም፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ በየመካከሉ ዘይቱንና ፓፓያ ቢገባ ማሽኑ ሥራ የሚፈታባቸው ወራት ይቀንሳሉ። የዘንድሮ ችግኞች ከመከፋፈላቸው በፊት በየወረዳው የትኛው ዝርያ፣ በየትኛው ወር፣ ለየትኛው ገዢ እንደሚደርስ ከማኅበራቱ ጋር ተቀምጦ መመዝገብ ይቻላል፤ ለዚህ ማሽን መጠበቅ አያስፈልግም።