ለሴት አፍ የተሠራ ልጓም

ልጓም የፈረስና የበቅሎ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ግን ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለሴት ራስ የተሠራ የብረት ልጓም ነበረ (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። ራስን ዙሪያውን የሚይዝ ብረት ሆኖ፣ ወደ አፍ ገብቶ ምላስን የሚጫን ዝርግ ብረት ነበረው፤ በአንዳንዱም ላይ ሹል ጥርስ ነበረበት።

ምክንያት ተብሎ የሚሰጠው ተሳዳቢና ነዝናዛ ሴትን ማረም ነው። አንደበት መገራት እንዳለበት ማንም አይክድም፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የፈረስን ልጓም ምሳሌ አድርጎ ስለ አንደበት ሲያስተምር ወንድና ሴት አልለየም። ነገር ግን ሴቶቹ የተናገሩት ምን ነበረ? በ1567 በኤድንብራ ቤሲ ቴሊፊር የተባለች ሴት ልጓም ገብቶላት በአደባባዩ መስቀል ሥር አንድ ሰዓት እንድትታሰር ተፈረደባት። ጥፋቷም ቶማስ ሃንተር የተባለው የከተማው ሹም በሐሰተኛ መስፈሪያ ይሠራል ማለቷ ነው። እንዲህ ላለው ክስ ተገቢው መልስ መስፈሪያውን አስመጥቶ በሕዝብ ፊት መስፈር ነበረ።

ልጓሙ የገባላት ሴት ራስዋ የጻፈችው ቃልም አለ። ዶሮቲ ዋ በሰው ቤት ታገለግል የነበረች፣ ኩዌከር ከሚባለው ማኅበር የሆነች ልጅ ነበረች። ትምህርታቸው ከእኛ የተለየ ቢሆንም ታሪኳ ሊሰማ ይገባዋል። በ1655 በካርላይል ከተማ በገበያ ቀን ቆማ ማታለልንና ክፉ ሥራን ስትነቅፍ ተይዛ ከከንቲባው ፊት ቀረበች። ከወዴት መጣሽ ብሎ ቢጠይቃት፣ አንተ ከምታድርባት ከግብፅ ነው ብላ መለሰችለት። ከንቲባውም በቍጣ ነዶ ልጓሙን አስመጣ። ባርኔጣዋን ከራስዋ ነጥቀው፣ እጆችዋን ወደ ኋላ አስረው፣ ሦስት ዘንግ በፊቷ ላይ የሚያልፍበትን ብረት ጫኑባት። ክብደቱም የወህኒው ጠባቂ እንደ ነገራት ከ6 ኪሎ በላይ ነበር። ሦስት ሰዓት እንዲህ ሆና ቆየች፤ ያዩአትም ሰዎች አለቀሱላት። የወህኒው በረኛ ግን ሊያያት ከሚገባው ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ፔኒ ይቀበል ነበር! በመጨረሻም ከንቲባው ልጓሙን እንደገና አስገብቶላት እየተገረፈች ከከተማው እንድትወጣ አዘዘ።

ይህ ቃልዋ በ1656 ታተመ። በማግሥቱ ዓመት ዶሮቲ ባሕር ተሻግራ፣ ዛሬ ኒው ዮርክ በምትባለው ከተማ ጎዳና ላይ ስትሰብክ ተይዛ ታሰረች።