ፈጣን መረብና ፍትሐዊ ድርሻ

የኮምፒዩተር መረብ መጨናነቅ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት መፍትሔ መስመሩን ማስፋት ነው። የመስመር መስፋት አስፈላጊነት አያጠያይቅም፤ ይሁን እንጂ የሰፋውን መስመር ላኪዎች የሚካፈሉበት ደንብ ከሌለ ስፋቱ ብቻውን አይበቃም። ይህ ደንብ ሲሻሻል ከፍጥነት እኩል የአካፋፈሉ ፍትሐዊነት መመዘን አለበት የሚል እምነት አለኝ።

የደንቡን አስፈላጊነት ያስተማረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በአሜሪካ የደረሰው ችግር ነው። ከ400 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ በሚገኙት በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው የመረጃ ፍሰት በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። ኮምፒዩተሮቹ ፓኬት የሚባሉት የመረጃ እሽጎች የጠፉ ሲመስላቸው ደጋግመው በመላክ መጨናነቁን ያባብሱት ነበር። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ባሳተመው ጥናት መላውን አቀረበ። ፍሬ ነገሩም፣ ላኪው ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር፤ ፓኬት ሲጠፋበት ግን በግማሽ ይቀንስ የሚል ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ አሠራሩ ለዘመኑ መስመሮች ተስማሚ ነበር። በፈጣን መረብ ላይ ግን ትዕግሥቱ ከልክ ያልፋል። መስመሩ በሰከንድ 10 ጊጋቢት፣ የደርሶ መልስ ጊዜው 100 ሚሊሰከንድ፣ ፓኬቱ 1,500 ባይት ቢሆን፣ መስመሩን ለመሙላት 83,333 ያህል ፓኬቶች በጉዞ ላይ መሆን አለባቸው። ይህ ቁጥር አንድ ጊዜ በግማሽ ከቀነሰ፣ በየደርሶ መልሱ አንድ ፓኬት እየተጨመረ ወደ ነበረበት እስኪመለስ 70 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ይህን ለማሻሻል ብዙ ተሠርቷል። ከ2006 ጀምሮ ሊኑክስ የሚጠቀምበት ኪዩቢክ የተሰኘው ዘዴ ፍጥነቱን የሚጨምረው ፓኬት ከጠፋ በኋላ ባለፈው ጊዜ መጠን ነው። ጉግል በ2016 ይፋ ያደረገው ቢቢአር ደግሞ የፓኬት መጥፋትን ሳይጠብቅ የመስመሩን አቅምና የደርሶ መልሱን ጊዜ ይለካል። ሆኖም የቢቢአር የመጀመሪያ እትም፣ ፓኬቶችን ለማቆየት አነስተኛ ቦታ ባለው መስመር ላይ፣ የኪዩቢክን ድርሻ ሲሻማ በጥናቶች ታይቷል።

ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገው ደንቡ የሚገኘው በየላኪው ኮምፒዩተር ውስጥ መሆኑ ነው። መስገብገብን የመረጠ ላኪ ቢኖር በየመንገዱ የሚያስቆመው ዳኛ እምብዛም የለም። በጥንቱ ደንብ፣ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ከሚሻሙት መካከል ደርሶ መልሱ የሚረዝምበት ላኪ አነስተኛ ድርሻ ያገኛል። ስለዚህ ባሕር ማዶ ከሚገኝ ሰርቨር መጻሕፍት ለሚያወርድ የኢትዮጵያ ተማሪ የአካፋፈሉ ጥያቄ ቅንጦት አይደለም።

የመስመሩ አቅም ከበዛ ሽሚያ አይኖርም የሚሉ አሉ። ነገር ግን አንዱ ክፍል ሲሰፋ ጠባቡ ቦታ ወደ ሌላ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። በመሆኑም አዲስ ዘዴ የሚያቀርብ ተመራማሪ የራሱን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለሚያልፈው፣ በተለይም ከሩቅ ለሚመጣው ፍሰት ምን ያህል እንዳስተረፈለት አብሮ ማሳየት ይኖርበታል። ሊኑክስ በተጫነባቸው ጥቂት ኮምፒዩተሮች ላይ ሰው ሠራሽ መዘግየት በመፍጠር ይህንኑ መለካት ይቻላልና፣ ተማሪዎቻችንም በሙከራው ሊሳተፉ ይገባል።