ትንሹ አምባዛ የገንዳ ጽዳት ሠራተኛ አይደለም

አምባዛ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከጣና ወይም ከዝዋይ የሚወጣው ጢማሙ ትልቅ ዓሣ ነው። በባንግላዴሽና በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ወንዞች ግን ቢያድግ ቢያድግ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር የማያልፍ የሩቅ ዘመዱ ይኖራል። ብሪታንያዊው ሐኪምና የዓሣ ተመራማሪ ፍራንሲስ ዴይ በ1870 እ.ኤ.አ. ሃራ ጄርዶኒ ብሎ ሰየመው። ግራና ቀኝ የሚዘረጉት ሰፋፊ ክንፎቹ መልሕቅ ያስመስሉታልና በአኳሪየም ገበያም የሚሸጠው በዚሁ በመልሕቅ ስም ነው። ይህን ዓሣ መግዛት ያለበት ለእሱ የሚስማማ ገንዳ የሚያዘጋጅ ሰው ብቻ ነው፤ ገንዳ እንዲያጸዳ ወይም ጌጥ እንዲሆን የሚፈልገው ቢተወው ይሻላል።

የስህተቱ ሥር የአምባዛ ወገን ሁሉ ትርፍራፊ ለቃሚ ነው የሚለው እምነት ነው። ሃራ ግን የነፍሳት እጭና ደቃቅ ትል የሚበላ፣ ሲመሽ የሚንቀሳቀስ፣ አበላሉም ዝግ ያለ ዓሣ ነው። ከፈጣን ዓሦች ጋር ከተቀላቀለ እሱ ከተደበቀበት እስኪወጣ ምግቡ ያልቃል። ጉዳቱን የሚያከብደው ደግሞ ጠባዩ ነው። ጤነኛ ሆኖም ቀኑን ሙሉ እንደ ደረቅ ቅጠል ሳይነቃነቅ ስለሚውል፣ ሲራብም ባለቤቱ አያውቅለትም። ከጠላት የሚሰወርበት ጥበብ በገንዳ ውስጥ ረሃቡን ይሰውርበታል። ሙቀቱም ሌላ ነገር ነው፤ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚስማማውን ዓሣ ሞቅ ያለ ውኃ ከለመዱት ጋር ማኖር አንዱን ወገን መበደል ነው።

«ይህን ለምታህል ዓሣ ትንሽ ዕቃ ይበቃታል» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ውኃው ባነሰ መጠን ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ቶሎ ይመርዘዋል፣ አሞኒያውን የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎችም በማጣሪያው ውስጥ እስኪባዙ ሳምንታት ይወስዳሉ። «ቀን የማይታይ ዓሣ ምን ያስደስታል?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ትርኢት የሚሻ ሌላ ዓሣ ይግዛ። ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ ይህ ዓሣ በአብዛኛው ከወንዝ ተይዞ የሚመጣ ስለሆነ ጭራሽ አይገዛ የሚለው ነው። በልክ የሚደረግ ማስገር ለአጥማጁ እንጀራ ሊሆን፣ ወንዙንም የሚጠብቅበት ምክንያት ሊሰጠው ይችላል። ይህ መከላከያ የሚሠራው ግን ዓሣው ዕድሜውን ሲኖር ነው። በወሩ እየሞተ በሌላ የሚተካ ከሆነ፣ ተቃዋሚው እውነት አለው።

ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት «ምን ይበላል?» ብለህ ጠይቅ። ሻጩ «የሌሎቹን ትርፍራፊ» ካለህ ገንዘብህን ወደ ኪስህ መልስ።