ስለ ቤተ ሰብ የሒሳብ ሰንጠረዥና ስለ ጠበበው ዓምድ

በዛሬው ጽሑፋችን በእኛው ቤት ከደረሰው ተነሥተን፤ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ግን ቤተ ሰብን ሊያቀያይም ስለሚችል ጉዳይ እንነጋገራለን።

አምስት ወንድማማችና እኅትማማች ነን፤ ሁለቱ በዋሽንግተን፤ አንዲቱ በዱባይ፤ ታላቅ ወንድማችንና እኔ በአዲስ አበባ እንኖራለን። የእናታችንን የሕክምና ወጪ የምንጽፈው በጎግል ሺትስ በከፈትነው የጋራ ሰንጠረዥ ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ስለሚያየው፤ ገንዘብ የላከውና ያወጣው ሳይጠያየቁ ይተማመኑበታል።

ታላቅ ወንድማችን በማስታወሻው ዓምድ «ለመድኃኒት ተከፍሏል፤ 12,000 ብሩ ግን ከጎረቤታችን የተበደርነው ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ዳሩ ግን ዓምዱ ጠባብ ነበረና፤ በጎኑም ባለው ሴል ቀን ተጽፎበት ስለ ነበረ፤ ለእኛ የታየን «ለመድኃኒት ተከፍሏል» የሚለው ብቻ ነው። ሦስት ወር አለፈ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ታግሠው ታግሠው በመጨረሻው እናታችንን ጠየቋቸው። እናታችን የብድሩን ነገር ፈጽሞ አልሰሙም ነበርና፤ ያን ቀን እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ወንድማችን «ጽፌ አልነበረምን?» አለ፤ እኛም «የት ላይ?» አልነው። በእውነትም ጽፎ ነበር።

ብድሩ በማግሥቱ ተከፈለ፤ ቅሬታው ግን ሰነበተ።

የነገሩ ጠባይ እንዲህ ነው። በጎግል ሺትስ አዲስ ዓምድ ሲከፈት ስፋቱ 100 ፒክሰል ነው። ጽሑፉ ከዚህ ቢበልጥ፤ ቀጥሎ ያለው ሴል ባዶ ሲሆን ወደዚያ ያልፋል፤ ባዶ ካልሆነ ግን ይቈረጣል። በኤክሴል ቍጥር ሲጠበው #### የሚል ምልክት ይደረደራል፤ እርሱስ ደግ ነው፤ መጉደሉን ይናገራልና። የተቈረጠ ጽሑፍ ግን ሙሉ መስሎ ይቀመጣል።

ዓምዱን በእጅ ማስፋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን እኛ በየወሩ አዲስ ገጽ እንከፍታለን፤ ከአምስታችንም አንዱ ሳያስበው መልሶ ያጠበዋል። ስለዚህ በዱባይ ያለችው ታናሽ እኅታችን ማክሮ አበጀች። ማክሮ ማለት አንድ ጊዜ በእጅ የተሠራውን ኮምፒዩተሩ መዝግቦ፤ በታዘዘ ቍጥር እንደ ገና የሚሠራው ትእዛዝ ነው፤ በጎግል ሺትስ መቅዳት የተቻለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ነው። ኤክስቴንሽንስ ከሚለው ሥር ማክሮስ፤ ቀጥሎም ሪኮርድ ማክሮ ይመረጣል። አብሶሉት ሪፈረንስ የሚለውን መያዝ ይገባል፤ አለዚያ ማክሮው የተቀዳበትን ዓምድ ትቶ ጠቋሚው ካረፈበት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሙከራዋ አልቀናም። ዓምዱን ሁሉ በጽሑፉ ልክ እንዲሰፋ ብታዘው፤ የማስታወሻው ዓምድ እንደ መንገድ ተዘረጋ፤ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው ወንድማችንም ከስልኩ ላይ ሒሳቡን ፈልጎ አጣው። የዓምድ ስፋት አንዱ ሲለውጠው ለሁሉም ይለወጣልና። ስለዚህ የብሩንና የቀኑን ዓምድ ብቻ በልካቸው አደረገች፤ ማስታወሻውን ግን በ300 ፒክሰል ወስና፤ ጽሑፉ እየታጠፈ ወደ ታች እንዲወርድ አዘዘች። ያን ጊዜ የረድፉ ቁመት ራሱ ያድጋል። በእኛ አስተያየት ለጽሑፍ ከዚህ የተሻለ መላ የለም።

ማክሮውን መጀመሪያ የሚያሠራው ሰው ፈቃድ ይጠየቃል፤ ታላቅ ወንድማችን ይህን አይቶ ሌባ የገባ መስሎት ደወለልን። ደግሞም ከስልክ ላይ ከዝርዝሩ ተመርጦ አይሠራም፤ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ያስፈልጋል። በኤክሴል ለሚጽፉ፤ የተዋሐዱ ሴሎች በዚህ መንገድ በልካቸው እንደማይሰፉ፤ በድረ ገጽ በሚከፈተውም ኤክሴል በቪቢኤ የተጻፈ ማክሮ እንደማይሠራ ይወቁ።

አሁን ታናሽ እኅታችን እሑድ ማታ ኮንትሮል፤ አልት፤ ሺፍትንና 1ን አንድ ላይ ትጫናለች፤ ሰንጠረዡም ይስተካከላል። ታላቅ ወንድማችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ብድር» የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድሞ ይጽፋል።