ካርታውን አትሙት፣ ነዋሪው ያርመው

የሰፈር ካርታ ማዘጋጀት ዛሬ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ በጎ ፈቃደኞች በጋራ የሚሠሩት የዓለም ካርታ ነው፤ ምንጩን ጠቅሶ ፈቃዱን ያከበረ ሁሉ መረጃውን ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል። ኦኤስኤምኤንኤክስ የተባለው የፓይተን መሣሪያ ደግሞ የአንድን ከተማ መንገዶች ከዚህ የመረጃ ቋት አውርዶ በጥቂት የኮድ መስመሮች ይስላል። በ1፡2500 ልኬት የታተመ አንድ ኤ3 ወረቀት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 740 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሰፈር ይይዛል፤ በወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 25 ሜትር ነው። የጅጅጋ፣ የቀብሪበያህ፣ የአውበሬና የቶጎ ውጫሌ ቀበሌዎች ይህን ካርታ አትመው ነዋሪው እንዲያርመው ሊያቀርቡለት ይገባል እላለሁ።

እርማቱ የግድ የሚያስፈልገው ከሰማይ የሚገኘው መረጃ ወሰን ስላለው ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 የአፍሪካን ሕንፃዎች ቅርጽ ከሳተላይት ምስል አውጥቶ በነፃ ለቋል። ይሁን እንጂ ከላይ የታየ ጣሪያ ትምህርት ቤት ይሁን መጋዘን አይናገርም፤ አንድ ቢርካ (የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) በበጋ ውኃ ይዞ ይቆይ እንደሆነም የሚያውቀው ከእሱ የሚቀዳው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በውጭ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የፖርቶፕሪንስን መንገዶች ከሳተላይት ምስል እየተከተሉ በፍጥነት ስለዋል። ያን ጊዜም ቢሆን ወረቀት አልቀረም፤ ካርታን አትሞ፣ ነዋሪው በእስክሪብቶ የጻፈበትን ስካን አድርጎ ወደ ቋቱ የመመለስ ዘዴ ነበር። ኦፕንስትሪትማፕ ለአንድ ቦታ በተለያዩ ቋንቋዎች ስም ለመመዝገብ ስለሚፈቅድ፣ የጅጅጋ ካርታ በሶማሊኛም በአማርኛም ጎን ለጎን ሊታተም ይችላል።

ስልክ እያለ ወረቀት ለምን ይባል ይሆናል። ስልክ አንድን ሰው ካሰበበት ያደርሳል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ግን ሽማግሌውን፣ ነጋዴዋንና የባጃጅ ሹፌሩን በአንድ ጊዜ ያከራክራል፣ ያስማማል። የታተመ ካርታ ቶሎ ያረጃል የሚለውም እውነት ነው። ነገር ግን ካርታው በኮድ የተሠራ ከሆነ በቋቱ ውስጥ የታረመ ስም በሚቀጥለው እትም ራሱ ይገባል፤ ግርጌው ላይ የታተመበት ቀን ከሰፈረ ደግሞ ማንም በአሮጌው አይሳሳትም።

ከሁሉም የሚከብደው የደኅንነት ጥያቄ ነው። የጅጅጋ አካባቢ የድንበር አካባቢ ነው፤ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር የስደተኛ ጣቢያዎች አሉ። ስለዚህ የየትኛው ቤት ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤተሰብ የት እንደተጠለለ በአደባባይ ካርታ ላይ ፈጽሞ መጻፍ የለበትም። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የውኃ ነጥቡና መንገዱ ግን የሕዝብ መገልገያ ናቸው፤ ከሕዝብ መሰወራቸው የሚጎዳው ወደ እነሱ መድረስ የሚሻውን ችግረኛ ነው። ይህን መስመር ማስመር ያለባቸውም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ለዚያም እርማቱ ወደ ቋቱ ከመግባቱ በፊት ካርታው በፊታቸው መዘርጋት አለበት።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኮዱን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀቱን፣ ነዋሪው እውቀቱን ቢያዋጡ በአንድ ቀበሌ መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው እትም ስህተት ይበዛበታል፤ የሚታተመውም ስህተቱ እንዲገኝ ነውና ይህ ሊያዘገየን አይገባም።