«ወርክ» እና «ሹት»፦ የሬስሊንግ የውስጥ ቋንቋ ማንን ይጠብቃል?

ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሳሳን አንድ የሚያሳፍረን ነገር ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ እንደ ልማዳችን በማደሪያው የጋራ ሳሎን ተሰብስበን ሬስሊንግ ስናይ አመሸን። ትርኢቱ እንዳለቀ ሁለት ልጆች ያዩትን ለመሞከር ተያያዙ። ገና ዘንድሮ የመጣው ታናሽ ወንድማችን በትከሻው ወደቀና ጮኸ። እኛ አጨበጨብን። «ሴል እያደረገ ነው!» አልን፤ በሬስሊንግ ሰዎች አነጋገር ሕመም ያስመስላል ማለታችን ነው። በክፍሉ ከነበርነው መካከል አምስታችን የሕክምና ተማሪዎች ነን። በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት መሰበሩን የተረዳነው ጩኸቱን ትቶ አንዱን ክንድ በሌላው እጁ ደግፎ ሲቀመጥ ነው።

ለመሆኑ ያን ማታ ጆሯችንን የደፈነው ምን ነበር? ከቴሌቪዥን የተማርነው አንድ ቃል ነበር። ስለሆነም ይህን ቋንቋ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ልሳን ላይ «ትግል» ሲባል ሌላ ነገር የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የምንጽፈው በገመድ መካከል ስለሚደረገው ትግል ነው።

የሬስሊንግ የውስጥ ቋንቋ በአሜሪካ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ከነበሩ የካርኒቫል ትርኢቶች ጋር የተያያዘ ነው። አስቀድሞ የታቀደው ሁሉ «ወርክ» ይባላል፤ ያልታቀደው፣ የምሩ፣ «ሹት» ነው። ሕዝቡ እንዲወደው የተዘጋጀው ተጋጣሚ «ቤቢፌስ»፣ እንዲጠላው የተዘጋጀው «ሂል» ነው፤ ሂሉ የሚቀሰቅሰው ቁጣ «ሂት» ይባላል። አሸናፊውን የሚወስነው «ቡከር» ነው። ያየውን ሁሉ የሚያምን ተመልካች «ማርክ» ይሉታል፤ ይህም በአጭበርባሪዎች ዘንድ የሚታለል ሰው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከውጭ ሰው የመደበቁ ሕግ ደግሞ «ኬይፌብ» ነው።

በመሠረቱ የውስጥ ቋንቋ መኖሩ ነውር አይደለም። በሀገራችንም አዝማሪዎችና ነጋዴዎች ሌላው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። እኛም የወደፊት ሐኪሞች በሕመምተኛው ራስጌ ቆመን እሱ በማይገባው ምህጻረ ቃል እንነጋገራለን። ጥያቄው ቋንቋው ማንን ይጠብቃል ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው፤ ምን ያከራክራል?» ይላሉ። አባባሉ ከላይ ሲያዩት እውነት ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ግማሽ እውነት ነው። የታቀደው ውጤቱ ነው እንጂ የሰውነት ክብደት አይደለም። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው በጀርባው የሚወድቀው በብረት ላይ በተረበረበ ሳንቃና በስስ ፍራሽ ላይ ነው። ደሙንም እንመልከት። ተጋጣሚው በእጁ መጠቅለያ ውስጥ በደበቀው የምላጭ ስባሪ ግንባሩን ይቆርጣል። ግንባር ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ትንሿ ቁስል ብዙ ትደማለች፤ ላብ ሲቀላቀልባት ፊቱን ሁሉ ታለብሰዋለች። ይህን «ጁስ» ይሉታል፤ ጭማቂ እንደማለት ነው። ነገር ግን የአንዱ ደም ከሌላው ቁስል ጋር ሲነካካ የጉበት በሽታ ቫይረስ ሊተላለፍ ይችላል። ቡከሩ «ወርክ ነው» ቢልም ጉበት ወርክና ሹትን አይለይም።

ታዲያ ምሥጢሩ እንዴት ተጠበቀ? እንዴትስ ወጣ? ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 የኤቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆን ስቶሰል ዴቪድ ሹልትዝ የተባለውን ተጋጣሚ «ይህ የውሸት ይመስለኛል» ቢለው ሁለት ጊዜ በጥፊ መትቶ ጣለው። ጋዜጠኛው ጆሮውን ታመመ፤ ጉዳዩም ወደ ክስ አመራ። ኬይፌብ እስከዚህ ድረስ በጡንቻ ይጠበቅ ነበር።

በ1989 ግን ትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ በኒው ጀርሲ ግዛት ምክር ቤት ፊት ሥራው ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን በገዛ አፉ አመነ። ሕሊና ወቅሶት ነውን? አይደለም። ከስፖርት ቁጥጥርና ከሚያስከትለው ወጪ ለመዳን ነው። የግዛቱ ሴኔት ያሳለፈው ረቂቅ ሕግ ካስቀራቸው ነገሮች አንዱ ተጋጣሚዎቹ ከግጥሚያ በፊት የሚደረግላቸው የሐኪም ምርመራ ነበር። እዚህ ላይ የሕክምና ተማሪዎች ቆም ብለን ማሰብ አለብን። እውነቱ በአንዱ በር ሲገባ ሐኪሙ በሌላው በር እንዲወጣ ተደረገ። ምሥጢሩ ሲጠበቅ የተጠቀመው ባለ ትርኢቱ ነው፤ ምሥጢሩ ሲወጣም የተጠቀመው እሱው ነው። የወደቀው ሰው በሁለቱም ጊዜ የሚያስታውሰው አላገኘም።

ይህ አካባቢ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። በኢራን የታወቀ ታጋይ የነበረው ሆሴን ቫዚሪ በአሜሪካ «አይረን ሺክ» ተብሎ ከቴህራኑ የታጋቾች ቀውስ በኋላ የሚጮኽበት ሂል ሆነ። የባግዳዱ ተወላጅ አድናን አል ቃይሲ ቀድሞ የአሜሪካ ቀይ ሕንድ ተደርጎ «ቢሊ ዋይት ዉልፍ» ይባል ነበር፤ የ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲመጣ «ጄኔራል አድናን» ሆኖ ቀረበ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለዋወጠው ገበያው የፈለገው ጥላቻ ነው። ይህንንም «ሂት» በምትል አጭር ቃል ሸፍነው ያልፉታል።

ሁሉን ነገር ወርክ ያደረገ ቋንቋ በመጨረሻ የምሩን የሚናገርበት አፍ ያጣል። በሜይ 1999 በካንሳስ ሲቲ ኦወን ሃርት ለትርኢቱ መግቢያ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። አስተያየት ሰጪው ይህ የትርኢቱ ክፍል አለመሆኑን ለቴሌቪዥን ተመልካቾች ደጋግሞ መንገር ነበረበት። ትርኢቱም ቀጠለ። ዳኞች ለእውነተኛ ጉዳት የሚያሳዩት ምልክት አላቸው፤ ሁለት ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ ያመሳቅላሉ። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ ይህም ምልክት ለማስመሰያ ውሏል። «ቀበሮ መጣች» እያለ ሲቀልድ የኖረው እረኛ ታሪክ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጣታችንን በአሜሪካኖች ላይ ብቻ ብንቀስር ግብዝነት ይሆንብናል። ያ ታናሽ ወንድማችን በማግስቱ እናቱ ሲደውሉለት ክንዱን በፋሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም» ሲል ሰማነው። ማናችንም አልተገረምንም፤ ሁላችንም የምንለው ነውና። ፈተና የወደቀው ደህና ነው። እንቅልፍ ካጣ ወር ያለፈው ደህና ነው። ደም እየተፋ ሐኪም ቤት መሄድ የፈራውም ደህና ነው። ለቤተሰብ ማሰባችን እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን እርስ በርሳችንም ይህንኑ ስንባባል ኬይፌብ ከዚህ በምን ይለያል?

የእኛ አቋም አጭር ነው። ሬስሊንግ አይታይ አንልም፤ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ እኛም ሳሎኑ ውስጥ ነን። ነገር ግን በማደሪያችን አንድ ስምምነት አድርገናል። «የምሬን ነው» ያለ ሰው ይታመናል። በጨዋታም ይሁን በሌሊት በር ሲያንኳኳ፣ ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ሳቁን አቁሞ ይነሣል፤ በዚህ ቃል የሚቀልድም አይኖርም። ሌሎች ማደሪያዎችም ይህንኑ እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ በሽታውን እየተናገረ የሚሳቅበት ግን ከእሱ የባሰ ነው።